ብቻዬን ወደ ሰሃላ

ነሐሴ 14

ዛሬ ቆርጫለሁ። ከሰቆጣ ተነስቼ፣ ወደ ዝቋላ ቆላ ወርጄ፣ ከዚያ ተራራ ተራራውን ይዤ ሰሃላ እናቴ ቤት ድረስ በእግሬ እሄዳለሁ። አንድ ሳምንት። ብቻዬን። ድንኳኔን ተሸክሜ፣ የማንንም ደጅ ሳልረግጥ፣ የማንንም ወሬ ሳልሰማ።

ጂኦግራፊ ሳስተምር ካርታው ላይ ጣቴ ያልወጣው ተራራ፣ ያልተሻገረው ወንዝ የለም። እግሬ ግን ከቤት ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ገበያ ነው። ልጆቹ ፊት ቆሜ «ሸንተረር» ስል እስከ ዛሬ አለማፈሬ ይገርመኛል።

ለክረምቱ ሥልጠና ተሰብስበን ስለነበር ለመምህራኑ ነገርኳቸው። ስህተት ነው። አንዱ «ስለት አለብሽ?» አለኝ። አንዷ «ከማን ጋር ተጣላሽ?» አለችኝ። ርዕሰ መምህራችን አቶ ቅጣው እንደ ልማዱ ጉሮሮውን ጠርጎ «የጥናት ጉዞ ከሆነ ደብዳቤ ያስፈልገዋል» አለ። ይህ ሰው ሳይጠርግ አንድ ቃል ወጥቶት አያውቅም። ፊት ለፊት «እርስዎ» እለዋለሁ፤ እዚህ ደብተር ላይ ግን አልለውም። ሰው ለመሄድ ብሎ ብቻ ይሄዳል ብሎ የሚያምን በዚህ ከተማ አንድም የለም።

ሐሳቡ የምንይሉ ነው። ወንድሜ ነው፤ የእናቴ የመጨረሻ ልጅ፣ እኔ ቤት አድጎ እኔ ያስተማርኩት። አሁን ሳውዲ ነው፣ ሕንፃ ሥራ ላይ። ፋሲካ ሰሞን ስንደዋወል «እታለም፣ አንቺ እኮ ካርታ ብቻ ነሽ» ብሎ ሳቀብኝ። «ቦርሳውን እኔ እልካለሁ፣ አንቺ እግርሽን አዘጋጂ።» እግሬ ይኸው። ቦርሳው የታለ?

ነሐሴ 19

ቦርሳው መጣ። ያመጣው ጌታሰው ነው፤ ከምንይሉ ጋር አንድ ክፍል የሚኖር የአገራችን ልጅ። ደጄ ላይ ቆሞ «ልኮልሽ ነው» ብሎ ዘረጋልኝ። ግባ ብለው አልገባም፣ ውሃ ስለው አልጠማኝም አለ። ዓይኑን ከጫማዬ ላይ አላነሳም። አረብ አገር ትንሽ ከርመው ሲመጡ የኛ ቤት ይጠባቸዋል።

ቦርሳው ደግሞ አሮጌ። ማንገቻው ለወንድ ትከሻ ተለክቶ ተስቧል፣ ታቹ ሲሚንቶ በልቶታል። አዲስ እልካለሁ ብሎ የራሱን ውራጅ ሰደደልኝ። የጎን ኪሱ ውስጥ አንድ የሥራ ጓንት አገኘሁ፣ የግራ እጅ ብቻ። አንድ ጓንት ምን ላድርገው?

ወዲያው ጻፍኩለት፦ «ቆሻሻህን ለእህትህ ትልካለህ? እግዜር ይስጥህ።»

አንድ ምልክት ብቻ ነው የሚያሳየው፤ አልደረሰውም። ስልኩን ዘግቷል። ልማዱ ነው።

ነሐሴ 25

ልምምድ ጀመርኩ። ቦርሳውን ድንጋይ ሞልቼ ከከተማው በላይ ያለውን ጉብታ ወጣሁ። አንድ ባጃጅ ነጂ ፍጥነቱን ቀንሶ «መምህርት፣ ሳውዲ በዚህ አይደለም፣ በዚያ ነው» ብሎ በእጁ ጠቆመኝ። ተሳፋሪዎቹ ሳቁ። እዚህ አገር ቦርሳ አዝሎ በእግሩ የሚሄድ ወጣት ሁሉ ወደ ባሕር ነው የሚሄደው፤ እኔ በዚህ ዕድሜዬ መሰደድ የሚያምረኝ መሰላቸው።

ስመለስ ቦርሳው ተተርትሮ ድንጋዩ የወይዘሮ ለተጊዮርጊስ ደጅ ላይ ተዘረገፈ። ጎረቤቴ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የሰፈሩ ጉዳይ ሁሉ የሳቸው ጉዳይ ሆኗል። ወጡ፤ ድንጋዩን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ልጄ፣ ማንን በድለሽ ነው?»

ሰው ይቅርታ ሲለምን ድንጋይ ተሸክሞ ነው የሚሄደው፤ ይህን አውቃለሁ። «ማንንም አልበደልኩም፣ ልምምድ ነው» አልኳቸው። «ይሁን፣ እኔ አልጠይቅሽም» አሉኝ፤ ጠይቀው ሲያበቁ። ከዚያ ድንጋዩን አንድ በአንድ ለቅመው በሬ ሥር ደረደሩልኝ። ለዕርቅሽ ቀን ይሆንሻል ማለታቸው ነው። ከዚህ ሕዝብ ጋር ስለ ተራራ መነጋገር ጊዜ ማባከን ነው።

ጳጉሜ 2

ቦርሳውን ሰፋሁት። ማንገቻውን ግን ለኔ ልክ አላሳጠርኩትም፤ ጊዜ አጣሁ።

በሶ ተዘጋጅቷል። ጨው፣ ኮዳ፣ የእጅ ባትሪ፣ ፕላስተር። ድንኳኑን ከገበያ አገኘሁ፣ አንድ ቦታ ተቀዶ ተጥፏል ግን ይሆናል። መነሻ የእንቁጣጣሽ ማግስት።

የመንገዱን ካርታ ሥዬ ፎቶውን ለምንይሉ ላኩለት። አንድ ምልክት።

መስከረም 2

አልሄድኩም።

ቦርሳዬን አዝዬ ስወጣ ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ ታምመው ተኝተዋል ተባልኩ። ትናንት ዶሮ ሲበልቱ፣ ልጅ ሲቆጡ፣ የሰው አበባ ሲቀበሉ የዋሉ ሴት። ገብቼ ግንባራቸውን ብነካ እንደ ግድግዳው ቀዝቅዟል። «ትተሽኝ አትሂጂ ልጄ» ብለው እጄን ያዙ። አጥሚት ሠራሁላቸው፤ አንዱን ጣሳ ጨርሰው ሁለተኛውን ጠየቁኝ። ሰው ሲታመም አይቻለሁ፤ ይህ በሽታ አይደለም፣ ምቀኝነት ነው።

«ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» አሉኝ ደግሞ፣ በሶዬን እያሰቡ መሰለኝ።

«ምንይሉ ስልኩን ከዘጋ ስንት ጊዜው» አልኳቸው፣ እንዲያው ለወሬ።

«ሥራ በዝቶበት ነው» አሉና ወደ ግድግዳው ዞሩ።

ስለ አረብ አገር ሥራ እሳቸው ምን ያውቃሉ? ሰቆጣን ለቀው ወልድያ እንኳ ደርሰው አያውቁም። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም።

መስከረም 9

ጌታሰውን ገበያ አየሁት። እሱም አየኝ። ፍየል የሚሸጥበት መሃል ገብቶ ተሰወረ፤ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ፍየል መሃል የተደበቀ ጅል። ጫፉ ላይ ቆሜ ጠበቅኩት፣ አልወጣም።

ልጠራው እችል ነበር። ስሙን ጮክ ብዬ ባነሳ ኖሮ ሰው ሁሉ ዞሮ ያስቆመው ነበር። አንድ ጥያቄ ነው የምጠይቀው። አልጠራሁትም። ፈሪ ነኝ።

ፈሪ አይደለሁም። ሽንኩርት ልገዛ ቸኩዬ ነው።

መስከረም 13

አቶ ቅጣው ፈቃዴን ከለከለኝ። ቢሮው ጠርቶ መጀመሪያ ወንበር ሰጠኝ። ይህ ሰው ለማንም ወንበር ሰጥቶ አያውቅም፤ አቁሞ ነው የሚያናግረን።

«ቤተሰብ ደህና?»

«ደህና ናቸው።»

ጉሮሮውን ጠረገ። «የዕረፍት ቀኖችሽን ለሽርሽር ባታባክኛቸው ይሻላል። ይፈለጉ ይሆናል።»

«ለምን ይፈለጋሉ?»

«አይ፣ እንዲያው ነው። ለማንኛውም ነገር።»

ወጥቼ በሩን ስዘጋ ምክትሉ «አልሰማችም እንዴ?» ሲል ሰማሁ። አቶ ቅጣውም «አጎትየው እስኪመጣ ነው» አለ። ቤቴ እስክደርስ ሳሰላስል መጣሁ። ዝውውር ነው። ገጠር ሊጥሉኝ ነው፣ አጎትየው የሚሉትም ከወረዳ የሚመጣ አንድ ሹም መሆን አለበት። ያዘዋውሩኝ። እኔ እንደሆነ ቦርሳዬ ዝግጁ ነው።

መስከረም 18

አጎቴ አጥናፉ ከሰሃላ መጡ። የእናቴ ታናሽ ወንድም።

ማሽላው እሸት ይዞ፣ ወፍና ዝንጀሮ በሚጠበቅበት ወቅት። በዚህ ሰሞን ማሳውን ትቶ ከተማ የሚወጣ ገበሬ ያበደ ብቻ ነው። «ወንዙ እስኪጎድል ነው እንጂ ቀደም ብዬ እመጣ ነበር» አሉ። ለምን? ጥርሴን አመመኝ፣ ለሐኪም ነው የመጣሁት አሉ። ይህን እየነገሩኝ ቆሎ ይቆረጥማሉ።

ያረፉትም እኔ ቤት አይደለም፤ ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ ቤት ነው። ስገባ ሁለቱ በኽምጣኛ ሲያወሩ ነበር። እኔን ሲያዩ ወደ አማርኛ ቀየሩት፣ ስብሰባ ላይ ያለን ይመስል። ኽምጣኛ እናቴ ጡት ስታጠባኝ የሰማሁት ቋንቋ መሆኑን የረሱት ይመስላል። አጎቴ አቅፈው ሳሙኝ፤ ልልቀቅ ብል አለቀቁኝም።

«እማዬ ደህና ናት?»

«ደህና ናት። አንቺን ትጠብቃለች።»

«ቅዳሜ እነሳለሁ።»

«ብቻሽን?»

«ብቻዬን።»

ወይዘሮ ለተጊዮርጊስንና አጎቴን ተራ በተራ አየኋቸው። እሳቸው የነጠላቸውን ጫፍ ይቋጥራሉ፣ አጎቴ ቆሎውን መልሰው ሳህኑ ላይ አደረጉት። «መንገዱ ጥሩ አይደለም ይላሉ» አሉ ሁለቱም ባንድ ጊዜ። መንገዱ ጥሩ ያልሆነው ለኔ ብቻ ነው፤ አጎቴ በዚያው መንገድ በእግራቸው መጡ የለም?

መስከረም 20

ሲመሽ ሰው አይመጣብኝም ብዬ መብራቱን አጥፍቼ በእጅ ባትሪ እጽፋለሁ። ዛሬ ቤቴ ያልመጣ ሰው የለም። አንዷ ጨው ልበደር ብላ፣ አንዱ ድመቱ ጠፍታበት፣ አንዷ እንዲያው ስታልፍ። ሁሉም ይቀመጣሉ፣ ፊቴን ያዩታል፣ ይሄዳሉ። ልክ ገበያ እንደወጣ በግ። ስለ ጉዞዬ ልጠይቃት ብሎ የመጣ አንድም አልነበረም።

ዓምና እዚህ ሰፈር የአንዲት ሴት ልጅ ሞቶ ነበር፣ ሩቅ አገር። ከሷ በቀር ሰፈሩ በሙሉ ያውቅ ነበር። ዘመድ እስኪሰበሰብ ድረስ እየሄዱ ያስቋታል፣ አብረዋት ይበላሉ፣ የልጁን ነገር ስታነሳ ወሬ ያስቀይሯታል። ከዚያ አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደጇ ተሰበሰቡ። መርዶ እንዲህ ነው የሚነገረው፤ በስልክ አይነገርም፣ አንድ ሰው ብቻውን አይናገርም። እኔም አብሬ እንድሄድ ጠርተውኝ ነበር። አልሄድኩም። የሌቦች ሥራ ነው አልኳቸው፤ የሰውን ሐዘን ሰርቆ ሲፈልጉ መመለስ።

ይህን ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም። ጉዞዬን ነበር መጻፍ የፈለግኩት።

መልእክቱ አሁንም አንድ ምልክት ላይ ነው። «ቆሻሻህን ለእህትህ ትልካለህ?» የሚለው። ካርታውም ከሱ በታች፣ አንድ ምልክት። ያንን የቆሻሻውን ላጠፋው አስቤ ጣቴን አስቀመጥኩና ተውኩት። ይድረሰውና ይናደድ። ተናዶ ይደውልና ይስደበኝ። ደግሞስ በምን ላይ ነው የጻፍኩለት፤ ቦርሳ ልኮልኝ፣ ቦርሳውን አጣጥዬበት። ምላሴ ሁልጊዜ ከኔ ይቀድማል።

ሥራ በዝቶበት ነው።

መስከረም 22

ቅዳሜ ያልኳቸው ውሸቴን ነው። ነገ ዓርብ ጎህ ሳይቀድ እወጣለሁ። ያን ጊዜ የማንንም በሽታ፣ የማንንም ጥርስ፣ የማንንም ድመት አልሰማም። ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም።

ቦርሳው በሩ ላይ ነው። ጓንቱን ከኪሱ አላወጣሁትም፤ አይከብድም።

መስከረም 24፣ ዝቋላ

እንዲህ ሆነ።

ቦርሳዬን አዝዬ በሩን ከፈትኩ። ግቢው ሙሉ ሰው ነው። በጨለማ መጥተው በሬ ሥር በተደረደሩት ድንጋዮች ላይ ተቀምጠዋል፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። አጎቴ። ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ። አቶ ቅጣው በቢሮ ኮቱ። ጨው የተበደረችው፣ ድመት የጠፋበት። ጌታሰው አጥሩ ጋ ቆሟል። ከሁሉ በፊት ያናደደኝ ዓርብ እንደምወጣ ማወቃቸው ነው። ለማንም አልነገርኩም፤ እነሱ ግን ያውቁኛል።

«ቦርሳሽን አውርጂ ልጄ» አሉ አጎቴ።

«አላወርድም። መንገደኛ ነኝ። አሳልፉኝ።»

ማንም አልተነሳም። እኔም መሄድ አልቻልኩም። ቦርሳው ጀርባዬ ላይ እንዳለ እዚያው ደፉ ላይ ተቀመጥኩ። እስካላወረድኩት ድረስ ለጉዞ የወጣሁ ሰው ነኝ፣ ሌላ ምንም አይደለሁም ብዬ አሰብኩ። አጎቴ ያን ጊዜ ተናገሩ። ምንይሉ ነሐሴ ሲገባ ከሚሠራበት ፎቅ ወድቆ ሞተ። የቀበረው ጌታሰው ነው። ቦርሳው የተላከልኝ አልነበረም፤ ክፍሉ ውስጥ የቀረ የሱ ዕቃ ነው። ጌታሰው ደጄ ላይ ሲደርስ መናገር አቃተውና «ልኮልሽ ነው» አለ።

ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይላሉ። እኔ ገደደኝ። አቶ ቅጣው ግን እንደ ሕፃን አለቀሰ፣ በየመሃሉ ጉሮሮውን እየጠረገ። አስቀያሚ ነው ሲያለቅስ።

«ይህን ሁሉ ጊዜ አውቃችሁ?» አልኳቸው። «አብራችሁኝ እየበላችሁ? አጥሚቴን እየጠጣችሁ?»

«ታዲያ ብቻሽን እያለሽ እንዴት እንንገርሽ?» አሉ ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ። «መንገድ ላይ ከአላፊ አግዳሚ ብትሰሚውስ? ማን ይዞሽ?»

ጠላኋቸው። ዛሬም እጠላቸዋለሁ። እጃቸውን ግን እስካሁን አልለቀቅኩም።

እናቴ ገና አልሰማችም። ለቅሶው የሚቀመጠው እሷ ደጅ ነው፣ እሷ ሳትሰማ እኛ ድምፅ አውጥተን ማልቀስ አይፈቀድልንም። በዚያው ቀን ተነሳን። እስከ ዝቋላ በመኪና መጣን፤ ከዚህ ወዲያ ክረምቱ መንገዱን ቆርጦታል፣ በእግር ነው። መንገዱ እኔ የሣልኩት ነው።

መስከረም 25

እየሄድን ነው።

እንዲህ ያለ የተራራ ጉዞ ማንም አይቶ አያውቅም። ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ በጃንጥላና በላስቲክ ጫማ። አቶ ቅጣው በቢሮ ጫማ፣ ቁልቁለቱን በቂጡ ነው የወረደው። ጌታሰው አሁንም ዓይኔን አያይም። ድንኳኔን አንድ ሌሊት እንኳ አልተከልኩትም። ማታ የደረስንበት ቤት ባለቤት ከሩቅ አይቶን፣ ተሰብስበን በዝምታ ስንመጣ፣ ማን እንደሆንን ሳይጠይቅ አልጋውን ለቀቀልን። ልጆቹን ዝም አሰኛቸው። ሚስቱ እግራችንን አጠበች። አንድ ቃል አልጠየቁም፤ የሰው ብዛት ነገራቸው።

ቦርሳዬን እንያዝልሽ ይሉኛል፣ ተራ በተራ። አልሰጥም። ማንገቻው ሰፍቶኛል፣ ትከሻዬን ልጦታል። ገደሉ ጋ ድንጋዩን የያዝኩት በጓንቱ ነው። የግራ እጅ ብቻ ይበቃል ለካ።

መስከረም 26

ሰሃላ ቁልቁል ከሚታይበት አፋፍ ላይ አረፍን። ነገ ጎህ ሲቀድ ነው ደጇ የምንደርሰው። ቦታው ላይ ኔትወርክ አለ፤ ስልኬ ጮኸ። እናቴ ናት። ልትደውል ስትፈልግ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ያለውን ጉብታ ትወጣለች።

አለማንሳት ይቻል ነበር። አነሳሁት። ሁሉም ባሉበት ቆሙ።

«እታገኝ፣ የት ደረስሽ?»

«እየመጣሁ ነው እማዬ። ተራራው ላይ ነኝ።»

«እግርሽ ተላጠ?»

«አልተላጠም።»

«ምንይሉስ ደወለልሽ? ከክረምት ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም።»

«ሥራ በዝቶበት ነው» አልኳት። ከአፌ የወጣው የወይዘሮ ለተጊዮርጊስ ድምፅ ነበር። እሳቸውም ሰሙት፤ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጠቀጠቁ።

ነፋሱን እሷም ጋ እሰማዋለሁ። ከዚያ ዝግ ብላ ጠየቀችኝ።

«ብቻሽን ነሽ?»

ዙሪያዬን አየሁ። አጎቴ ምርኩዛቸውን ከድንጋዩ ላይ አንስተው በአየር ላይ ይዘውታል። ጌታሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አየኝ። አቶ ቅጣው አፉን በሁለት እጁ አፍኖ ፊቱ ጠቁሯል፣ አንገቱ ይንቀጠቀጣል።

«ብቻዬን ነኝ» አልኳት።

«ተመስገን» አለች እናቴ። «እኔ እኮ የምፈራው ሰው ተሰብስቦ ሲመጣ ነው። ብቻሽን ከሆንሽስ ደህና ነው። ነይ።»

ስልኩ ሲዘጋ ነው አቶ ቅጣው ጉሮሮውን የጠረገው። ቦርሳውን አውርጄ ሰጠሁት።